ሃያ ስምንት ሞላኝ፤ አሁንስ ምን ልሁን?



ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በዓለም ገናና በሰበታ በኩል የጅማን ጎዳና የያዘ መንገደኛ ተፍኪን ካለፈ በኋላ ምድሪቱ እንደ ገበታ ተዘርግታ ያገኛታል። የበቾ ሜዳ ነው። ክረምት ሲገባ አዋሽና ገባሮቹ ሞልተው ማሳውን ውኃ ያስተኙበታል፤ ውኃው ሲሸሽ ደግሞ ያው ጥቁር አፈር ጤፍና ሽምብራ ያበቅላል። ተጂ ከዚሁ ሜዳ ላይ፣ ከቱሉ ቦሎ በመለስ ያለች ከተማ ናት። አውቶቡሱ ለአፍታ ይቆማል፤ ሰው ያወርዳል፤ ሰው ይጭናል፤ ይሄዳል። ከሚወርዱት መካከል የዲግሪ ወረቀቱን በላስቲክ ጠቅልሎ በብብቱ የያዘ፣ ለመምህርነት ወይም ለግብርና ባለሙያነት ወይም ለሒሳብ ሠራተኛነት የተመደበ ወጣት አይታጣም። ሲወርድ ዕድሜው 22 ወይም 23 ነው። የዛሬው ጨዋታችን ይኸው ወጣት 28 ሲሞላው በሌሊት ነቅቶ ስለሚያስበው ነገር ነው።

ምን ያስባል? ነገሩን አንተ ራስህ ታውቀዋለህና አላስረዝመውም። ሥራው አልከፋም፤ ግን የእርሱ አልመስል ብሎታል። ደመወዙ በወሩ መጨረሻ ይመጣል፤ መጥቶም ብዙ አይሰነብትም። አብሮት የተማረው አንዱ ነጋዴ ሆኗል፤ ሌላው ባሕር ተሻግሯል፤ ሦስተኛዋ ወልዳ ልጅዋን ትምህርት ቤት አስገብታለች። እርሱ ግን እዚያው ጠረጴዛ ላይ፣ እዚያው መዝገብ ፊት ነው። «መንገዴን የት ነው የሳትሁት?» ይላል። ከዚያም ትልቁ ጥያቄ ይመጣል፤ ሥራዬን ልቀይር?

እንግዲህ ወዳጄ፣ መጀመሪያ አንድ ነገር እናጥራ። መንገድህን ስተህ ነው ወይስ መንገዱን መጀመሪያውንም አንተ አልመረጥኸውም? በአገራችን ይህ ጥያቄ ቀላል አይደለም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ሲከፈት ተማሪው በጣት የሚቆጠር ስለ ነበረ የተማረውን ሰው ሥራው ነበር የሚፈልገው። በደርግ ዘመን ተመራቂው የሚሠራበትን መሥሪያ ቤትና አገር መንግሥት ይመድብለት ነበር። ዛሬ ከ40 በላይ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች አሉ፤ ተማሪውም የሚወደውን የትምህርት መስክ በቅደም ተከተል ይሞላል። ይሞላ እንጂ የሚወስነው ውጤቱና የወንበሩ ብዛት ነው። ሕክምና ብሎ ሞልቶ ሌላ ነገር የደረሰው፣ ምህንድስና ብሎ ሞልቶ ፊቱን ወደማያውቀው መስክ ያዞረ ስንቱ ነው! እንዲህ ያለው ሰው በ18 ዓመቱ በተሞላ ቅጽ ተመርቶ እስከ 60 ዓመቱ፣ ጡረታ እስከሚወጣ ድረስ እንዲሄድ ይጠበቅበታል። ከ28 እስከ 60 ደግሞ 32 ዓመት አለ። ካሳለፍኸው የሥራ ዘመን ብዙ እጥፍ የሚሆነው ገና ከፊትህ ነው ማለት ነው። ስለዚህ «አርፍጃለሁ» የምትለውን ቃል ለጊዜው ወደ ጎን አድርጋት።

ወላጆችህ «ዲግሪ ይዘህ፣ ደመወዝ እየበላህ፣ ምን ጎደለህ?» ቢሉህ አትቀየማቸው። እነርሱ የሚያውቁት ወረቀቱ ራሱ እንጀራ የነበረበትን ዘመን ነው። ልጃቸው የመንግሥት ሠራተኛ እንዲሆን በሬ የሸጠ አባት «ሥራዬ አልተስማማኝም» የሚል ቃል ሲሰማ በሬው ሁለተኛ የተሸጠበት ይመስለዋል። ቅሬታው እውነተኛ ነው። ቅሬታው እውነተኛ መሆኑ ግን የአንተን ጥያቄ ሐሰት አያደርገውም።

አሁን ሦስት ሰዎች ላንሣልህ። ሦስቱም በ1924 እና በ1925 ዓ.ም. የተወለዱ እኩያሞች ናቸው።

የመጀመሪያውን ሳልነግርህ ታውቀዋለህ፤ አበበ ቢቂላ ነው። ሮም ላይ ያለ ጫማ ሮጦ 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትሩን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ የጨረሰው ጳጉሜ 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በዘመን መለወጫ ዋዜማ ነበር። ነሐሴ 1 ቀን 1924 ዓ.ም. ተወለደ የሚለውን መዝገብ ከተከተልን ያን ቀን 28 ዓመቱን ከያዘ ገና አንድ ወር ከጥቂት ቀን ቢሆነው ነው። ሥራው ምን ነበር? የክቡር ዘበኛ ወታደር ነበር። ከሱሉልታ ኮረብታ እስከ አዲስ አበባ ይሮጥ እንደ ነበር ይነገራል፤ ስዊድናዊው አሠልጣኝ ኦኒ ኒስካነን አግኝቶ እስኪያሠለጥነው ድረስ ግን ዓለም አያውቀውም ነበር። እዚህ ላይ አንባቢ ልብ እንዲልልኝ የምፈልገው ሌላ ነገር ነው። አበበ ለመሮጥ ብሎ ወታደርነቱን አልተወም። ጧት ሮጠ፤ በዘበኝነቱም ቆየ፤ የወር ደመወዙንም ተቀበለ። ሥራ መቀየር ማለት የግድ አንዱን በር ዘግቶ፣ ቁልፉን ጉድጓድ ጥሎ፣ ሌላውን በር ማንኳኳት የሚመስለው ብዙ ወጣት አለ። እንዲህ ያደረገ ሰው ወሬው ጥሩ ይሆናል፤ ኪራዩን የሚከፍለው ግን ወሬው አይደለም።

የአበበ ታሪክ በዚህ አላበቃም። በ1957 ዓ.ም. ቶኪዮ ላይ ደግሞ አሸነፈ፤ በ1961 ዓ.ም. መጋቢት ወር በደረሰበት የመኪና አደጋ እግሮቹ ሽባ ሆኑ። ሰው ሁሉ የሚያውቀው በእግሩ ነበርና እዚያ ላይ «አለቀ» ቢል ማን ይፈርድበታል? በዓመቱ እንግሊዝ አገር በስቶክ ማንድቪል የአካል ጉዳተኞች ውድድር በቀስት ውርወራና በጠረጴዛ ቴኒስ ተወዳደረ፤ ቀጥሎም ኖርዌይ ሄዶ በውሻ በሚጎተት ተንሸራታች ተሽቀዳደመ። አርባ ዓመት ሳይሞላው ሁለት ጊዜ ከሀ ጀመረ።

ሁለተኛው ማሞ ወልዴ ነው። እርሱም የክቡር ዘበኛ ሰው ነው። በ1949 ዓ.ም. ሜልቦርን ላይ የተወዳደረው በ800 እና በ1500 ሜትር፣ እንዲሁም በዱላ ቅብብል ነበር፤ በማጣሪያውም ቀረ። እንግዲህ ሰውዬው ሯጭነቱ አልጠፋበትም፤ የጠፋበት ርቀቱ ነው። በ1957 ዓ.ም. ቶኪዮ ላይ በ10 ሺህ ሜትር አራተኛ ወጣ፤ ጥቅምት 10 ቀን 1961 ዓ.ም. ሜክሲኮ ላይ በ36 ዓመቱ ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ አሸነፈ። ማሞን ያነሣሁት በምክንያት ነው። ሥራዬ ጠላኝ ከሚሉት ሰዎች ብዙዎቹ ሙያቸው አልተሳሳተም፤ የተሳሳተው ርቀቱ ነው። ልጆች ማስተማር የማይወድ መምህር ጎልማሶችን ማስተማር ይወድ ይሆናል። በመሥሪያ ቤት ወረቀት የሰለቸው የግብርና ባለሙያ ማሳ ላይ ሲወርድ ሌላ ሰው ሊሆን ይችላል። የሒሳብ ሠራተኛው ከግምጃ ቤት ወጥቶ የኅብረት ሥራ ማኅበር ሒሳብ ቢይዝ፣ ያው ደብተር ነው፤ ሰዎቹ ግን ሌላ ናቸው። እንዲህ ያለው ለውጥ በወሬ ደረጃ አያስደንቅም፤ ዘመድም «ተለወጠ» አይልህም። እኔ ግን ከሌላው ሁሉ አስቀድመህ ይህን ሞክር እላለሁ።

ሦስተኛው ሠዓሊው አፈወርቅ ተክሌ ነው። ወደ እንግሊዝ አገር የተላከው የማዕድን ምህንድስና እንዲማር ነበር፤ ልቡ ግን ከቀለም ጋር ነበረና ወደ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ዞረ። በ1946 ዓ.ም. ገደማ አዲስ አበባ ላይ ሥዕሎቹን ለሕዝብ አሳየ፤ በአፍሪካ አዳራሽ ያለው ባለቀለም መስተዋትም የእርሱ እጅ ሥራ ነው። ይህ ጨርሶ መለወጥ ነው። ነገር ግን አፈወርቅ የዞረው ገና በወጣትነቱ ነው፤ ሚስት የለችውም፤ ልጅ የለውም፤ የሚያስተምራት ታናሽ እህት የለችበትም። ደግሞም ከዞረ በኋላ ተቀምጦ ዓመታት ተምሯል። በ28 ዓመቱ እንደ አፈወርቅ ልዙር የሚል ሰው ሒሳቡን በዚያው ልክ ያስተካክል፤ ትምህርቱን ማን ይከፍላል? ስማር ምን እበላለሁ?

ሴት እኅቴ ደግሞ «ወንዶቹን ብቻ ቆጠርህ» እንዳትለኝ፣ ከሰበታ መንገድ ሳንርቅ ዘነበወርቅ ላይ እናቁም። ቤተልሔም ጥላሁን የተማረችው ሒሳብ አያያዝ ነው። በ1997 ዓ.ም. በሰፈሯ ጫማ መሥራት ጀመረች፤ የጫማው ሶል ካረጀ የመኪና ጎማ ነው። በረባሶ የምንለው፣ አርሶ አደሩም አርበኛውም የተጫማው! የአገር ጥጥ ፈትል ጨምራበት «ሶልሬብልስ» ብላ ስም አወጣችለት፤ በብዙ አገር ተሸጠ። የሒሳብ ትምህርቷ ባክኗል የሚል ካለ ዋጋ መተመን የማያውቅ ጫማ ሠሪ ምን እንደሚደርስበት ገበያ ወጥቶ ይይ። የተማርኸው ነገር አንተን ተከትሎ ይመጣል፤ እቤት ትተኸው የምትሄደው ዕቃ አይደለም።

በረባሶን ካነሣን ዘንድ ስለ ይሉኝታ ሳንናገር አናልፍም፤ ከገንዘቡ ይልቅ ሰውን አስሮ የሚያስቀምጠው እርሱ ነውና። የተጂ መምህር ቅዳሜ ገበያ እህል ሲገዛና ሲሸጥ ተማሪው ቢያየውስ? ባለዲግሪዋ የዳቦ ምድጃ ፊት ቆማ ብትገኝስ? የእጅ ሥራን መናቅ በአገራችን የቆየ በሽታ ነው። ብረት የሚቀጠቅጠውን፣ ቆዳ የሚፍቀውን፣ ሸማ የሚሠራውን በሥራው ስም መስደብ እንደ ጨዋታ ይቆጠር ስለ ነበር ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው የሚሰድብ እንዲቀጣ ዐዋጅ እስከ ማስነገር ደርሰዋል። ዐዋጁ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ስድቡ መልኩን ለውጦ ዛሬም አለ። ዛሬ «ቀጥቃጭ» አይልህም፤ «ያንን ሁሉ ተምረህ!» ይልሃል። ይህን የሚልህ ሰው ግን ቤት ኪራይህን አይከፍልልህም፤ ሌሊት ነቅተህ ስታስብም አብሮህ አይነቃም። ከዚህ በላይ ዋጋ አትስጠው።

ይሁንና ሥራ ቀይር እያልሁ ብቻ እንዳይመስልህ። መቀየር የሌለባቸውም አሉ፤ ብዙም ናቸው። ጓደኛው በአንድ ክረምት በእህል ንግድ ሲያተርፍ አይቶ ነጋዴ ልሁን የሚለው አንዱ ነው። የሚታየው የጓደኛው ትርፍ እንጂ የጓደኛው ዕዳ አይደለም። ሌላው ደግሞ የታመመው ሥራው ሳይሆን ኑሮው የሆነበት ሰው ነው። ከወገኑ ርቆ ተመድቦ፣ በማያውቀው ከተማ አንዲት ክፍል ተከራይቶ፣ ከሥራ መልስ የሚያናግረው ሰው አጥቶ አምስት ዓመት የኖረ ሰው ምንም ሥራ ቢሰጡት ይጠላዋል። ይህ ሰው የሚያስፈልገው ሰው ነው፤ ዕድር ይግባ፣ ማኅበር ይጠጣ፣ ኳስ ይጫወት፣ የአካባቢውን ቋንቋ አጥርቶ ይማር (ተጂ ተቀምጦ ኦሮምኛ የማይናገር ሰው ከከተማዋ ግማሹን አልሰማም)። ይህን ሁሉ ሞክሮ ካልሆነ የሥራውን ነገር ያንሣ። እንቅልፍ ለሳምንታት የጠፋበት፣ ምግብ የዘጋው፣ መኖር ያስጠላው ሰው ደግሞ የሥራ ምክር አይጠብቅ፤ ዛሬውኑ ሐኪም ዘንድ ይሂድ፤ ነውርም የለበትም።

ታዲያ ሥራው ነው ወይስ ሌላ ነገር እንዴት ይለያል? እኔ አንድ መንገድ ብቻ ነው የማውቀው፤ በእጅ መሞከር። ዳቦ ቤት መክፈት የምትሻ ከሆነ ለሦስት ወር ቅዳሜና እሑድ በሰው ዳቦ ቤት ሊጥ አቡካ፤ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ተነሣ። ኮምፒዩተር የሚያውቅ ሰው ልሁን ካልህ ማታ ማታ ተማር፤ ከተማርኸውም አንድ ሰው ገንዘብ የሚከፍልበት ሥራ ሠርተህ አሳይ። ከብት ላርባ ካልህ መጀመሪያ የሰው ከብት በረት ጥረግ። ሕልሙ ከሽታው ጋር ሲመጣ ብዙዎቻችን ወደ ጠረጴዛችን በደስታ እንመለሳለን። የማይመለስ ካለ ደግሞ እርሱ ሥራውን አግኝቷል።

ገንዘቡንም በዚያው ጊዜ አዘጋጅ። ዕቁብ ካለህ ዕጣህ ቀድሞ ቢወጣ እንኳ ከሌላው ጋር ተለዋውጠህ ወደ መጨረሻው ውሰድ፤ በእጅህ ሲገባ የተከፈለ ገንዘብ ይሆናል፤ ቀድመህ የወሰድኸው ዕቁብ ግን ደመወዝ በሌለህ ወር የሚጠይቅህ ዕዳ ነው። ቢያንስ የስድስት ወር ቤት ኪራይና ቀለብ፣ ለወላጅ የምትልከውንም ጨምረህ፣ በባንክ ሳይቀመጥ አትንቀሳቀስ። ሚስት ወይም ባል ካለህ ይህን ሒሳብ አብራችሁ ሥሩት፤ በድብቅ የተጀመረ ሥራ ቢሳካም ቤት ያፈርሳል።

ስለ ጊዜው የተጂን ገበሬ ብትጠይቅ ደግሞ ከእኔ የተሻለ ይነግርሃል። ሽምብራውን ሰኔ ላይ አይዘራም። ያን ጊዜ አፈሩ ውኃ ቋጥሯል፤ ሥሩ ይበሰብሳል። ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ ነሐሴ መጨረሻና መስከረም ላይ፣ ሌላው አገር ሰብሉ ሲያሽት፣ እርሱ ገና ዘር ይበትናል። ሽምብራው ዝናብ ሳይጠብቅ አፈሩ በያዘው እርጥበት ብቻ ያድጋል፤ ታኅሣሥና ጥር ላይ በጅማ መንገድ ዳር እሸቱን እየታቀፉ የሚሸጡልህ ልጆች የያዙት ይህንኑ ነው። ገበሬው ዘገየ የሚለው የለም።

አስበህ፣ ሞክረህ፣ ቆጥበህ ለመሄድ ከወሰንህ የቀረው የወረቀት ነገር ነው፤ በወረቀት የሚበላሽ ብዙ ነውና ችላ አትበለው። በግል ድርጅት የምትሠራ ከሆነ የሥራ ጉዳዩን የሚገዛው የአሠሪና ሠራተኛ ዐዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው፤ የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ መልቀቅ ይችላል። የመንግሥት ሠራተኛ ከሆንህ የራስህ ደንብ ስላለ የሰው ኃይል ክፍሉን አስቀድመህ ጠይቅ፤ ትምህርት ተምረህ የአገልግሎት ግዴታ የፈረምህ እንደሆነም ውሉን አውጥተህ አንብበው። የመልቀቂያ ደብዳቤህ ከአምስት መሥመር አይብለጥ። በአለቃህ ላይ ያለህን ቅሬታ እዚያ አትጻፍ፤ ደብዳቤው ከማኅደርህ አይወጣም፤ አንተም አንድ ቀን ለምስክርነት ትመለስበታለህ። በእጅህ ያለውን መዝገብ፣ ቁልፍና ንብረት በፊርማ አስረክብ። ከመውጣትህም በፊት የሥራ ልምድ ማስረጃህን ጠይቅ፤ የሠራኸውን የሥራ ዓይነት፣ የአገልግሎትህን ዘመንና ደመወዝህን የሚገልጽ ማስረጃ አሠሪው ያለ ክፍያ እንዲሰጥ ዐዋጁ ያስገድደዋል። ማኅተሙ ጎልቶ መውጣቱን እዚያው ቆመህ እይ፤ ሁለት ቅጂ አስነሣና አንዱን እናትህ ዘንድ አስቀምጥ።